የደንዲ ሐይቅ ዳርቻና አዴ ጫልቱ

የደንዲ ሐይቅ ዳርቻ መቼ እንደሚናድ በሰው ሠራሽ አስተውሎት ለመተንበይ ከአምቦ እየተመላለስኩ ዳርቻው ላይ የተከልኩትን መለኪያ አነብ ነበር። በአራተኛው ቀን ስልኬ ላይ የመጣው ትንበያ «አያሰጋም» ስላለኝ ወደ ውሃው መውረድ ጀመርኩ። እዚያ ከብት ሲያጠጡ የማያቸው አዴ ጫልቱ ሮጠው መጥተው ክንዴን ጨምድደው ያዙኝ።

«ሂን ቡኢን! አትውረድ!»

«አዴ ጫልቱ፣ ኮምፒውተሩ ደህና ነው ብሏል፤ ይልቀቁኝ።»

«አልለቅም!»

እልህ ተያያዝን። መንጭቄ ላመልጥ ስል ከፊታችን ያለው መሬት ከነመለኪያዬ ተንዶ ውሃው ውስጥ ገባ። እዚያው ቁጭ አልኩ።

«እንደሚናድ በምን አወቁ?» አልኳቸው።

ያን ጊዜ ነው ክንዴን የለቀቁኝ።

«እኔ ምን አውቄ! ሦስት ቀን ሙሉ ብቻህን ውሃው ላይ አፍጥጠህ ስትቆም አይቼ፣ ዛሬ ራስህን ልትጥል መስሎኝ ነው እንጂ።»