ለትኩሳት የሰጠሁት ቁጥር

ሥራ የጀመርኩት ሰኞ ጠዋት ነው። የሆስፒታሉ ካርድ ክፍል ኃላፊ አቶ መኮንን መሰላል፣ የአቧራ ጨርቅና ቀይ እርሳስ ሰጡኝና፣ «ካርድ ከጠፋ ሐኪሙ የሚጮኸው አንቺ ላይ ነው፤ እኔ አልኖርም» አሉኝ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ የመጣሁ፣ የዚያው ከተማ የፒያሳ ልጅ ነበርኩ። ቀኑን ሙሉ መሰላል ስወጣና ስወርድ እውል ነበር።

ያኔ በሽታ የሚመዘገበው በቃል ነው። በሆስፒታላችን ሥር ያሉት የገጠር ክሊኒኮች በየወሩ ሪፖርት ይልካሉ፤ ጤና ረዳቱ ወይም ድሬሰሩ ያየውን እንዳየው ይጽፋል። በመጨረሻው ገጽ «አስተያየት» የሚል ክፍት ቦታ አለ። ቅዳሜ ጠዋት የውስጥ ደዌ ሐኪማችን ሲፈርሙ እኔ አጠገባቸው ቆሜ አስተያየቱን አነብላቸዋለሁ። አንዳንዴ ብዕራቸውን አንስተው «እስቲ ያንን ድገሚልኝ» ይላሉ።

ረጅሙን አስተያየት የሚጽፉት አያ ፈንታ ነበሩ፤ ጭልጋ አውራጃ ውስጥ የአንዲት መንደር ክሊኒክ ድሬሰር። በጃንሆይ ጊዜ ቁስል በማጠብ ጀምረው ነው እዚያ የደረሱት። ማን ከማን ጋር በአንድ ቤት እንደሚያድር፣ ማን ለቅሶ ሄዶ ታሞ እንደተመለሰ ሁሉ ይጽፋሉ። መድኃኒት ሊወስዱ ሲመጡ፣ «አያ ፈንታ፣ ይሄ ሪፖርት ነው ወይስ የዘመድ ደብዳቤ?» እያልኩ እቀልድባቸው ነበር።

«ምነው ልጄ? የታመመው እኮ ዘመዴ ነው» ይሉኛል።

ከጥቂት ዓመት በኋላ ከሚኒስቴሩ አንድ ወፍራም መጽሐፍ መጣ። ለእያንዳንዱ በሽታ ባለሦስት አኃዝ ቁጥር ተሰጥቶታል። አቶ መኮንን አዲስ አበባ ሄደው ሠለጠኑ፤ እኔን ደግሞ እሳቸው አምስት ቀን አሠለጠኑኝ። ከዚያ አሮጌውን መዝገብ ገጽ በገጽ ወደ ቁጥር ስንገለብጥ ክረምት ከበጋ አለፈ። ጣቴ በካርቦን ወረቀት ጠቁሮ ቀረ።

እውነቱን ልናገርና፣ ሥራውን ወደድኩት። የሳንባ ነቀርሳ 011፣ ወባ 084። ቁጥሮቹን እንደ ዳዊት በቃሌ ያዝኳቸው። ሐኪሞች ኮሪደር ላይ አስቁመው ይጠይቁኝ ጀመር። አወቅሽ አወቅሽ ቢሏት መጽሐፉን አጠበች የሚባለው ለእኔ ነው።

አዲሱ ቅጽ የአስተያየት ገጽ የለውም። የመጨረሻው ረድፍ «ያልተለየ በሽታ» ይላል። አቶ መኮንን ያ ረድፍ ባዶ እንዲሆን ይፈልጉ ነበር። በየክፍሉ መካከል በሚደረገው የሥራ ውድድር ስብሰባ ላይ ካድሬው የየክፍሉን ውጤት ሲያነብ፣ የእኛ ክፍል ያልተለየ በሽታ ዜሮ ስለሆነ አንደኛ ወጣን። ተጨበጨበልን። እኔም ለራሴ አጨበጨብኩ። የቅዳሜው ንባብም በዚያው ቀረ፤ ሐኪሙ ሠንጠረዡ ላይ ብቻ መፈረም ጀመሩ።

በመስከረም የአያ ፈንታ ሪፖርት ደረሰ። ቁጥር አልጻፉም። ቅጹ ላይ በሙጫ ሌላ ወረቀት ለጥፈው፣ ሰው በትኩሳት መውደቁን፣ ትኩሳቱ ለቆ ከሳምንት በኋላ እንደገና መነሳቱን፣ ብርዱ ስለበረታ ሰው በአንድ ጋቢ ተጠጋግቶ እንደሚያድር ጽፈዋል። እኔ ያነበብኩት «ትኩሳት» እና «እንደገና» የሚለውን ነው። ጭልጋ ሲባል የማውቀው በመተማ መንገድ ያለውን ቆላ ነበር፤ በዚያ በኩል ከከተማችን ጫፍ፣ ከአዘዞ አልፌ አላውቅም። ወሩ ደግሞ መስከረም ነው፤ የወባ ወር። 084 ብዬ ጻፍኩ። የተለጠፈውን ወረቀት ነቅዬ መሳቢያዬ ውስጥ ከተትኩት።

የመድኃኒት መጋዘኑ የሚያየው ቁጥሩን ብቻ ስለሆነ የወባ ክኒን ላከላቸው።

በጥቅምት ሌላ ወረቀት ተለጥፎ መጣ። «የላካችሁት ክኒን አልሠራም። እኛ ደጋ ነን፤ እዚህ ቢንቢ የለም። ሰው እየሞተ ነው። ሐኪሙ ይህን ያንብቡልኝ» ይላል።

የመጀመሪያው ስህተት ካለማወቅ ነው። ሁለተኛው ግን እንደዚያ አይደለም። ወባ ካልሆነ «ያልተለየ» ልለው ነው፣ ዜሮአችን ሊበላሽ ነው። ወረቀቱን ይዤ ለአቶ መኮንን አሳየኋቸው።

«ድሬሰር በሽታ አይለይም» አሉኝ። «ባለፈው ወር በጻፍሽው ቀጥይ።»

ቀጠልኩ፤ ወረቀቱንም ከፊተኛው ጋር መሳቢያዬ ውስጥ ከተትኩት። የሐኪሙ ቢሮ ከእኔ ሁለት በር አልፎ ነበር።

በኅዳር አያ ፈንታ ራሳቸው መጡ። የወንድማቸውን ሚስት በቃሬዛ እስከ አይከል ከተማ አስወርደው፣ ከዚያ በጭነት መኪና አምጥተዋት ድንገተኛ ክፍል አስተኝተዋታል። ራሳቸውን ተላጭተዋል። ለሐዘን መስሎኝ «ምን ሆኑ?» አልኳቸው።

«ለቅማሉም ለሐዘኑም ነው» አሉኝ። «ታናሽ ወንድሜ ሞተ። ከመንደሩ እሱን ጨምሮ ሰባት ቀበርን።»

መቀመጫ ሰጠኋቸው፤ አልተቀመጡም።

«ወረቀቴ ደርሶሽ ነበር?»

«ደርሶኛል።»

«ሐኪሙ አነበቡት?»

መሳቢያውን ከፍቼ ሁለቱን ወረቀት አወጣሁና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኳቸው። አያ ፈንታ የገዛ ጽሕፈታቸውን አዩት። አልጮኹም፤ ቢጮኹብኝ ይሻለኝ ነበር።

«ወንድሜን በስንት ቁጥር ጻፍሽው?» አሉኝ።

«በሰማንያ አራት።»

«ሸጋ» አሉ፤ ሸጋ እንዳልሆነ ሁለታችንም እያወቅን። «በይ አሁን ወደ ሐኪሙ ውሰጂኝ።»

ሐኪሙ ሁለቱን ወረቀት ቆመው አነበቡ። የሴትዮዋ ደም ወዲያው ላቦራቶሪ ሄደ። ቴክኒሻኑ ማይክሮስኮፑን ለሐኪሙ ለቀቀላቸው፤ ወባ አልነበረም። ቅማል ከሰው ወደ ሰው የሚያደርሰው፣ ለቆ ተመልሶ የሚነሳው ትኩሳት፣ ግርሻ ነው፤ ቁጥሩ 087፣ መድኃኒቱ ፔኒሲሊን። ሐኪሙ ወደ እኔ ዞረው፣ «ይህ ወረቀት በመስከረም ቢነበብልኝ ኖሮ ማይክሮስኮፕም አያስፈልገኝም ነበር» አሉ።

ሴትዮዋ ሆስፒታል ስለደረሰች ፔኒሲሊን ተወጋች። መንደሩ ግን ሌላ ነገር ነው። መጋዘኑ ያለ ቁጥር አያወጣም፤ መዝገቡ ደግሞ ወባ ይላል። መዝገቡን ልሰርዝ ስል አቶ መኮንን እጄን ያዙ።

«ሪፖርቱ ጸድቆ ሄዷል። ስህተት ነው ካልሽ አሻጥር ሠራች ይሉሻል። እኔንም ይጨምሩኛል። ልጆች አሉኝ» አሉኝ። አሻጥር የሚለው ቃል በዚያን ጊዜ ሰውን የት እንደሚያደርስ የኖረበት ያውቀዋል። እኔም ፈርቼ ነበር።

«እርስዎ አይፈርሙ፤ እኔ እፈርማለሁ» አልኳቸው።

በሁለቱም ወር ረድፍ 084ን በቀይ ሰርዤ 087 ጻፍኩ። ከጎኑ «ስህተቱ የእኔ ነው፤ የድሬሰሩን ጽሑፍ ለሐኪም ሳላቀርብ ቀርቻለሁ» ብዬ ስሜን ጽፌ ፈረምኩ። ሐኪሙ ከሥሩ ፈረሙ። አያ ፈንታ በማግስቱ ፔኒሲሊናቸውን በካርቶን ይዘው ተመለሱ። ሲሄዱ ደህና ሁኚ አላሉኝም፤ አልፈረድኩባቸውም።

ሦስት ጊዜ ለጥያቄ ተጠራሁ። አልታሰርኩም፤ የሐኪሙ ፊርማ እንዳዳነኝ አስባለሁ። ከቁጥር ሥራ ግን አንስተው የሞቱ ሰዎች ካርድ የሚቀመጥበት ክፍል መደቡኝ፤ ሁለት ዓመት እዚያ ሠራሁ። ከመንደሩ ከዚያ ወዲያ ሌላ ሰው አለመሞቱን የሰማሁት ከአያ ፈንታ ቀጣይ ሪፖርት ነው። አሁንም ወረቀት ለጥፈው ነበር።

ኋላ ወደ ቦታዬ ስመለስ፣ ያላወቅሁትን በሽታ «ያልተለየ» ብዬ መመዝገብ ጀመርኩ። ውድድር አላሸነፍንም። ከእኔ በኋላ ለገቡት ሁሉ የማስተምረው ይህንኑ ነው፦ የማታውቁትን አታውቁትም ብላችሁ ጻፉ፤ ከዚያ ያየውን ሰው ጠይቁ። እኔ ሳልጠይቅ ሰባት ሰው ሞቷል።