ከማማ የወረደው ድምፅ

ዛሬ ጠዋት ከግቢያችን በር ላይ የሚጮህ ድምፅ ማጉያ ቀሰቀሰኝ። ካልሲ ነው የሚሸጠው። ባለቤቱ ድሮ አንድ ቀን "አለቀ! አለቀ! ሳያልቅ ድረሱ!" ብሎ ቀድቶበታል፤ ያው ካልሲ ይኸው ዓመቱን ሙሉ ሲያልቅ ይከርማል። ሰውየው ራሱ ከማጉያው አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ዳቦውን ይገምጣል፤ ጉሮሮው አይነካ፣ ምራቁ አይደርቅ። የኮንዶሚኒየሙ ሰው ሁሉ እየተራገመ መስኮቱን ሲዘጋ እኔ ከፈትኩት። ከዚያ ምን እንደሸተተኝ ብነግርህ ትስቃለህ። እሸት ማሽላ። አራተኛ ፎቅ ላይ፣ በናፍጣ ጭስ መሃል፣ የአገሬ የቀወት እሸት ማሽላ።

ያንን ሥራ በገዛ ጉሮሮው ይሠራ የነበረ ሰው ስለማውቅ ነው።

አብሮ አደጌ ነው። ከሸዋ ሮቢት ወረድ ብሎ የነሱን ማሳ ከኛ ማሳ የሚለየው አንድ የውሃ ቦይ ነበር። የአገራችንን ሙቀት ካላየኸው አታምነኝም፤ በግንቦት ጥላ ራሱ ጥላ ፍለጋ ይሄዳል። ማሽላው ማሸት ሲጀምር ደግሞ ግሪሳ ይመጣል። ግሪሳን ወፍ ብሎ የሚጠራው ያልደረሰበት ሰው ነው። ደመና ነው፤ ጥርስ ያለው ደመና። ሰማዩን ሸፍኖ ይወርድና ምሳህን፣ እራትህን፣ የከርሞ ዘርህን በልቶ አፉን እንኳ ሳይጠርግ ይነሳል። ስለዚህ ከማሳው መሃል በረጃጅም እንጨቶች ላይ ማማ ይሠራል። እኛ ከጎህ ጀምሮ እዚያ ወጥተን ወንጭፍ ስንወነጭፍ፣ ጅራፍ ስናጮህ፣ እኛም ስንጮህ እንውላለን።

የሱ አባት፣ "ወፍ ድንጋዩን ለምዶታል፤ የሚፈራው ድምፅ ነው" ይሉ ነበር። ልጃቸውንም ለዚሁ ብለው አስበው የወለዱት ይመስለኛል። እሱ ከማማው ላይ አንዴ "ሆ—ው!" ካለ የነሱም ማሳ፣ የኛም ማሳ፣ የማናውቀው ሰው ማሳ ጭምር ተጠበቀ ማለት ነው። ወላሂ አልዋሽህም፣ አሊዩ አምባ ገበያ ላይ አህያ ይደነብር ነበር። ካራቆሬ ላይም "አቤት!" የሚል ሰው ነበረ ይባላል። የሚለው እኔው ነኝ፤ ቢሆንም ይባላል።

የፍቅሩም ነገር በዚያው በጩኸት ነው። ከቦዩ ማዶ፣ ከኛ ማሳ ወዲያ ባለው ማማ ላይ የጎረቤት ልጅ ትጠብቅ ነበር። ሌላው ወንድ የሚወዳትን ልጅ በጆሮዋ ያንሾካሹክላታል፤ እሱ ግን ከማሳ ማሳ ነው። "ዛሬ ምን በላሽ?" ይላታል፤ ቀበሌው በሙሉ ምን እንደበላች ይሰማል። "ቀዩ ሻሽ ያምርብሻል!" ሲላት ከመስጊድ የሚመለሱ ሽማግሌዎች ቆም ብለው የለም አረንጓዴው ይሻላል እያሉ ይከራከራሉ። እሷ መልሷ አጭር ነው፤ "ወፍህን ጠብቅ!" ትለዋለች። ተቀራርበው ቆመው ግን አያውቁም፤ ነውር ነው። ከዚያ ርቀት ደግሞ የሰው መልክ አይለይም። እንግዲህ የወደደችው ድምፁን ነው ማለት ነው።

አዲስ አበባ የገባነው ጢማችን መብቀል ሲጀምር ነው። መሬቱ ለታላላቆቻችንም አልበቃም። አውቶቡሱ ደብረ ሲናን አልፎ ጣርማ በር ላይ ሲደርስ ብርዱ በመስኮት ገብቶ ከመሃላችን ተቀመጠ፤ እስከ ዛሬም አልወረደም።

ከአንዲት እትዬ ግቢ ውስጥ አንድ ክፍል ተከራየን። ከጥበቷ የተነሳ አንዳችን ማሳል ሲያምረን ሌላችን ወደ ደጅ እንወጣ ነበር። አከራያችን አምፖሉን ከልጆቻቸው አብልጠው ይሳሱለታል። ውሃ በስንት ጊዜው ብቅ ያለ ቀን ግቢው የሠርግ ቤት ይመስላል፤ ጀሪካን እንደ ሚዜ ይሰለፋል። ታክሲ ስትጠብቅ ትሸብታለህ፤ ስትሳፈር ደግሞ የማታውቀው ሰው ክርን የጎድን አጥንትህን ይቆጥርልሃል። ሰላም ስትለው ኪሱን የሚይዝ ሰው ያየሁት እዚህ ነው። አብሮ አደጌ እንደ አገሩ ወግ ከብቱን፣ ልጁን፣ ዝናቡን እየጠየቀ ሰላምታ ሲጀምር፣ ሰላምታው ሳያልቅ ሰውየው ሰፈር ቀይሮ ይሄዳል።

ጣፋጩንም አልክድም። ጠዋት በካፊያ ውስጥ ቆመህ የምትጠጣው ሻይ፣ ጣት የሚያቃጥል ብርጭቆ፣ ከዘይቱ ገና የወጣ ቦምቦሊኖ። ዝናብ ሲያባራ አስፋልቱ በመኪና መብራት የሚያብረቀርቀው ነገር። አርብ ከጁምዓ ወጥተን አንድ ሳህን ፉል ላይ ስናጎነብስ ግንባራችን ይጋጫል። ከተማው በአንድ እጁ በጥፊ ብሎህ በሌላው ከረሜላ ያጎርስሃል፤ አንተም እንደ ሞኝ ጉንጭህን ይዘህ ትመጣለህ።

ሥራ ያገኘው በስህተት ነው። አንድ ቀን ልንሳፈር ስንል እኔ ከአስፋልቱ ማዶ ቀረሁ። ሌላ ሰው ቢሆን እጁን ያውለበልብልኛል፤ እሱ ግን ሰው ከማዶ ሲሆን የሚያውቀው መጥራት ብቻ ነው። ከባዶ ታክሲ አጠገብ ቆሞ በዚያ በግሪሳ ድምፁ፣ "መገናኛ ነው! ና ግባ! ሳይሞላ ና!" አለኝ። አስፋልቱን እስክሻገር ታክሲው ሞልቶ ነበር። መገናኛ የማይሄድ ሰው ሁሉ ገብቷል። አንዲት ሴትዮማ ከመገናኛ አሁን መውረዳቸው ነበር። ሹፌሩ ወርዶ አቀፈውና ከነገ ጀምሮ እዚህ ቆመህ ጥራልኝ አለው።

በዚያ ዘመን ንጉሥ ነበር። የትራፊክ ፖሊሱ ፊሽካው አሳፍሮት ኪሱ ይከተዋል። ሹፌሮች ሻይ በሻይ ያደርጉታል። ገበያ በዋለ ቁጥር ያቺ የማማዋ ልጅ ሸዋ ሮቢት ወጥታ የሕዝብ ስልክ ያለበት ሱቅ ሆና እስኪደውል ትጠብቀዋለች፤ ባለሱቁ "ልጄ፣ ስልኩን ዝጋውና እንዲያው ተናገር፣ ይሰማል" ይለው ነበር። ለአረፋ ወርዶ ኒካህ ሊያስር ተስማሙ። ከዚያ ሁሉ የከተማ ዕቃ አንድም አልፈለገችም። "እንደ ድሮው ከቦዩ ማዶ ሆነህ ጥራኝ፤ ሰው ሁሉ ይስማ" ብላዋለች። ይህን ሲነግረኝ ጆሮው ድረስ ቀልቶ ነበር።

ድምፁ መሰንጠቅ የጀመረው በጥቅምት ብርድ ነው። ጠዋት እንደ ዛገ በር ሲጢጥ ይልና ረፋድ ላይ ይመለሳል። ኋላ ረፋድም አልመለስ አለ። ዝንጅብል ሞከርን፣ ማር ሞከርን፣ ጥቁር አዝሙድ ሞከርን። ጎረቤቱ ሁሉ ሐኪም ሆነ፤ አንዱማ ነጭ ጋዝ ተጉመጥመጥ አለው። በመጨረሻ እጁን ይዤ ሆስፒታል ወሰድኩት። አንዲት ወጣት ሐኪም ጉሮሮውን በትንሽ መስታወት አየች፤ ደግማ አየች።

"መድኃኒቱ ዝምታ ነው" አለችው። "ለወራት። ሹክሹክታም ቢሆን አይሆንም። ከጮህክበት ግን ይህ ድምፅ ተመልሶ አይመጣም።"

"ዶክተር፣ እኔ ዝም ካልኩ ታክሲው በምን ይሞላል?" አላት።

መስታወቷን ጠርጋ ቀጣዩን በሽተኛ ጠራች።

ዝም ባለባቸው ቀኖች የሱንም የኔንም ወሬ እኔው ሳወራ ሰነበትኩ። ጠይቄ እመልሳለሁ፣ ተከራክሬ እሸነፋለሁ። አከራያችን ተኳርፈን መስሏቸው ሽማግሌ ሰበሰቡ። ታሞ ነው ብል፣ እሱ ራሱ ይናገር እንጂ አንተ ምን አገባህ ብለው ተቆጡኝ። ባልተጣላነው ጠብ እኔ ጥፋተኛ ተባልኩ፤ ጉንጭ ለጉንጭ አሳስመው ሸኙን። ያን ቀን ትከሻው እስኪንቀጠቀጥ አፉን በጋቢ አፍኖ ሳቀ፤ ሐኪሟ ስለ ሳቅ የነገረችን አልነበረም።

አረፋ ሲቃረብ ሌላ ልጅ በሱ ቦታ ቆሞ መጥራት ጀመረ። አብሮ አደጌ ከማዶ ሆኖ ሲያየው ዋለና ቤት ሲገባ ያንን ሁሉ ዝምታ በአንድ ቃል አፈረሰው።

"እስከ አረፋ ብቻ" አለኝ። "ከዚያ ወዲያ ዕድሜ ልኬን ዝም እላለሁ።"

ሐኪሟ ያለችውን አስታወስኩት። ባዶ እጁን በምን ዓይኑ ገብቶ ኒካህ እንደሚያስር እኔን መልሶ ጠየቀኝ። የተረፈችውን ማር አምጥቼ ከፊቱ አስቀመጥኩለት።

የአረፋ ሰሞን ከተማው ይሰክራል፤ በግ የሚጎትት፣ ሽንኩርት የተሸከመ፣ ልጁን ይዞ ጫማ የሚያለካ። ለተከታታይ ቀናት በዚያ ትርምስ ላይ ጮኸ። አንድ ውርጭ ያለበት ጠዋት ሻዬን ይዤ ከጎኑ ቆሜያለሁ፤ ታክሲው ቀረበ፤ አፉን ከፈተ። ደረቱ ተነሳ፣ የአንገቱ ሥር ተገተረ። የወጣው ትንፋሽ ብቻ ነው። በብርዱ ውስጥ ነጭ ሆኖ ታየኝ፤ ከአፉ ወጣ፣ ተበተነ። ደግሞ ሞከረ። ማንም አልዞረም። ሹፌሩ ትንሽ ጠበቀና ጡሩምባውን ነፋ፤ ያ ሌላው ልጅ እየሮጠ መጥቶ "መገናኛ! መገናኛ!" አለ። ታክሲው ሞላና ሄደ። በሰው ላይ መሬት ተከፍታ ስትዘጋ አይተህ ታውቃለህ? አቧራ እንኳ አላስነሳችም። በዚህ ከተማ ዕድሜዬን ፈጅቼበታለሁ፤ ከዚያ ጠዋት ወዲህ ግን ከሱ ምንም ጠብቄ አላውቅም።

ብቻውን ልሰደው አልሆነልኝም፤ አብሬው ወረድኩ። ሸዋ ሮቢት ላይ ከአውቶቡስ ስንወርድ ሙቀቱ እንደ ዘመድ ተጠመጠመብን። ባጃጅ የቻለውን ያህል አደረሰን፤ የቀረውን በእግር ሄድን። ማሽላው ታጭዶ አገዳው ብቻ ቆሟል፤ አፈሩ ደረቅ ደረቅ ይሸታል። ቦዩ ዳር ስንደርስ እግሩ አልሄድ አለ። ከማዶ ልጅቱ ከእናቷ ቤት በራፍ ላይ ቆማለች። ዘመድ ጎረቤቱም ወጥቷል። ሰው የመጣው ሲጠራት ሊሰማ ነው።

ወደኔ ዞሮ በዚያች በተረፈችው ትንፋሽ፣ "አንተ ጥራት" አለኝ።

ጠራኋት። ድምፄ ከቦዩ መሃል ደርሶ የወደቀ መሰለኝ።

"አንተን ማን ጥራ አለህ!" አለችኝ ከማዶ። ሰው ሳቀ። እኔም እጄን ወደሱ ዘርግቼ ቆምኩ፤ እሱ ደግሞ እጁን ጉሮሮው ላይ አድርጎ መሬት መሬት ያያል። ሳቁ ቀስ በቀስ ጠፋ። ልጅቱ ቁልቁል መጣች፤ ጫማዋን አውልቃ በእጇ ያዘች፤ ቀሚሷ እየራሰ ውሃውን ተሻገረች። ፊቱ ቆመች። ለመጀመሪያ ጊዜ እንደዚያ ተቀራርበው ቆሙ። ብዙ ጊዜ አየችው።

"እንዲህ ነው ለካ መልክህ" አለችው።

ኒካሁ ታሰረ። ድምፁ ግን እንደ ወጣ ቀረ። የተረፈችው ሹክሹክታም ጥቂት ዓመት ቆይታ ድምፁን ተከተለችው። እኔ ወደ ከተማው ተመለስኩ፤ የት ልሄድ? ኋላ ስልክ በየሰዉ እጅ ሲገባ አርብ አርብ መደወል ጀመርኩ። ሚስቱ ስልኩን ጮክ አድርጋ ከጎኑ ታስቀምጥለታለች። እኔ ስለ ከተማው አወራለታለሁ። ሊፍቱ ከተበላሸ ወዲህ አምስተኛ ፎቅ ያሉ አዛውንት ለሰርክ ሶላት የሚወርዱት ከቀትሩ ዙህር ጀምረው መሆኑን፣ መብራት ሲሄድ ጎረቤቴ የገዛ ሚስቱን "ማን ልበል?" ማለቱን። ከዚያ ዝም ብዬ እጠብቃለሁ። ከወዲያ ዶሮ ይሰማኛል፣ ልጅ ይሰማኛል፣ የሱ ወገን ጸጥ ያለ ነው። ትንሽ ቆይታ እሷ "ሳቀ" ትለኛለች። ስንቱን ዓመት በዚያች ቃል ኖርኩ። እውነቷን ይሁን ለኔ አዝና፣ ጠይቄያት አላውቅም።

ዘንድሮ ያ የጉሮሮ ሕመሙ ጠናበት። ከሆስፒታል ሆስፒታል ዞሩ፤ መጨረሻ ላይ ቤቱ ይሁን፣ አላህ ያውቃል ተባሉ። ባለፈው አርብ ደወልኩ። ሰፈራችን ውሃ ከጠፋ መክረሙን ነገርኩት። አንዱ ጎረቤቴ በለስላሳ መጠጥ ፊቱን ታጥቦ ዝንብ ቢሮው ድረስ እንደሸኘው ነገርኩት። ዝንቦቹም ፈርመው ገቡ አልኩት። በሕይወቴ እንደዚያን ቀን አጋንኜ አላውቅም። ጨረስኩና ጠበቅሁ።

"ሳቀ?" አልኳት።



"አልሳቀም ወንድሜ" አለች። "ግን አትዝጋው። ፊቱን ወደ ስልኩ አዙሯል።"

እኔም ስለ ውሃው ቀጠልኩ።