የላላው የብስክሌት አንገት

በኮሮና ጊዜ፣ ዓረብ አገር ዳቡቅ በሚባል ሰፈር በምሠራበት ቤት ውስጥ እኔና ማማ ብቻ ነበርን። ማማ ሰባ ዓመት ያለፋቸው አሠሪዬ ናቸው። መኪና መንዳት ስለተከለከለ ልጃቸው ሰሚር መምጣት አልቻለም፤ በየቀኑ ግን እየደወለ፣ «እናቴ ከበር ከወጣች ተጠያቂዋ አንቺ ነሽ» ይለኛል።

አንድ ቀን ማማ የሟች ባላቸውን አሮጌ ብስክሌት ከጋራዥ አስወጡኝ። መሪው ይወዛወዛል።

«የፊቱን ፍሬን ያዢና ወደፊት ወደኋላ ግፊው» አሉኝ።

ስገፋው ከመሪው ሥር፣ አንገቱ ላይ ተንኳኳ። እሳቸው እያሳዩኝ የላይኛውን ዳዶ በመፍቻ ፈታሁና የታችኛውን አጠበቅሁ። መሪው አልዞር አለ።

«በዛ፤ ትንሽ መልሺው።»

ስመልሰው እንደገና ተንኳኳ። ቀና ስል ማማ የስፖርት ጫማ እያሰሩ ነው። ለካ ሊወጡበት ነው። አልጠብቅ አለ ልላቸው አሰብኩ፤ ደግሞ እንደላላ ቢወጡበትስ ብዬ ፈራሁ።

«ማማ፣ ሚስተር ሰሚር ይቆጣኛል» አልኩ።

«ያላ፣ ቶሎ ጨርሺ።»

ቀስ ብዬ አስተካከልኩት። መንኳኳቱ ቆመ፣ መሪውም ሳይከብድ ዞረ። የላይኛውን ዳዶ አጥብቄ እንደጨረስኩ ማማ ማስካቸውን አደረጉ፣ ወጡበት፣ ቁልቁለቱን ወረዱ። ሮጬ አልደረስኩባቸውም።

እስከ ዋናው መንገድ ፈልጌያቸው ከግማሽ ሰዓት በኋላ ስመለስ ስልኩ ይጮኻል። ሰሚር ነው፣ በቪዲዮ።

«እናቴ የት ናት?»

«ሻወር እየወሰዱ ነው» አልኩ።

የራሱን ስልክ ወደ ቤቱ መስኮት አዞረው። ማማ ከአጥሩ ውጭ ብስክሌቱን ተደግፈው ቆመዋል። የሰሚር ሚስት ከበረንዳ ላይ፣ ከተወለደ ጀምሮ ማማ አይተውት የማያውቁትን የልጅ ልጃቸውን ከፍ አድርጋ ታሳያቸዋለች።