የኔነሽና ዝም ያለው ቡድን

ሲስተር የኔነሽ በ1980 ዓ.ም. አዲስ አበባ የአእምሮ ሕክምና ተምራ ድሬዳዋ ስትመለስ ቤት ለቤት እየዞረ ሕመምተኛ የሚከታተል ቡድን ተቋቋመላት። ኃላፊው ጓድ ሀብተ ማርያም ነበር። የጤና ረዳቷ ፋርሒያ ሶማልኛውንም ኦሮምኛውንም ታስኬደዋለች፤ ከቀበሌ የተወከሉት አቶ ሽሬ ደግሞ የማይከፈት በር ያስከፍታሉ።

መሪያምን ያገኟት ደቻቱ ወንዝ ዳር ነው፤ ወንድሟ ዒሴ ጓሮ ውስጥ ከግንድ ጋር በሰንሰለት አስሯት። ፋርሒያ ስትለማመጥ፣ አቶ ሽሬ ሲቆጡ፣ የኔነሽ መርፌዋን ስትወጋ ከርመው አስፈቷት። ውላ አድራ ከፊራ በሚባለው ገበያ ሳምቡሳ መሸጥ ጀመረች።

የአብዮት በዓል ሲቃረብ ጓድ ሀብተ ማርያም ስብሰባ ጠራ።

«እንግዶች ይመጣሉ፤ እብዶቹ ከመንገድ ይነሡ ተብሏል። ስም የምንሰጠው እኛ ነን።»

«ወዴት ነው የሚወሰዱት?» አለች የኔነሽ።

«እሱ እኛን አይመለከትም።»

«መሪያምም? እሷ እኮ ሠርታ ነው የምትበላው።»

«ከተማው የሚያውቃት በእብድነቷ ነው። የምትደግፉ እጅ አውጡ።»

አቶ ሽሬ አወጡ። ፋርሒያም አንገቷን ደፍታ አወጣች። የኔነሽ ብቻዋን ቀረች።

መሪያምን ከነሳምቡሳዋ ከገበያ አንሥተው መኪና ላይ ጫኗት። በማግስቱ ዒሴ ቡድኑ ወደሚሠራበት ጤና ጣቢያ መጣ።

«ፍታት ያላችሁኝ እናንተ ናችሁ» አለ። «ታስራ ቢሆን ማን ይወስዳት ነበር?»

የኔነሽ ንዴቷን ፋርሒያ ላይ አወረደችው። «አብረን አስፈትተናት፣ አብረሽ ሸጥሻት!»

«ባሌ እስር ቤት ነው፣ ሲስተር» አለች ፋርሒያ። «ወላሂ፣ እጄን ባላወጣ ልጆቼን ማን ያሳድግልኛል?»

የኔነሽ ንዴቷ አልበረደም፤ የምታሳርፍበት ግን ጠፋት።

ሹፌሮች ከመንገድ የተነሡት ሰዎች ቢዮ አዋሌ ከሚባለው መንደር ወዲያ በረሃ ላይ ተጥለው መቅረታቸውን አወሩ። የኔነሽና ዒሴ የጭነት መኪና ለምነው ሊሄዱ ሲሉ ፋርሒያ ሳትጠራ መጥታ ተሳፈረች። መሪያምን አንድ ከብት አርቢ ቤት አገኟት፤ ውስጥ እግሯ ተልጦ፣ የሚሰጧትን ወተት እንኳ እየገፋች። ከእሷ ጋር የተወሰዱት ሌላው ሕመምተኛ፣ ሽማግሌው አብዲቃድር ግን በረሃው ላይ ሞተው ተገኝተዋል።

በሚቀጥለው ስብሰባ ጓድ ሀብተ ማርያም በዓሉ በሰላም ማለፉን ገለጸ። የኔነሽ ተነሥታ፣ «አብዲቃድር ሞተዋል። ስማቸውን የሰጠነው እኛ ነን» አለች።

«አጀንዳችን ይኼ አይደለም፤ ተቀመጪ።»

«አልቀመጥም። እዚህ የምንሰበሰበው ሰው ልናድን መስሎኝ ነበር።»

አቶ ሽሬ መሬት መሬት አዩ። ጓድ ሀብተ ማርያም ወደ ቀጣዩ አጀንዳ አለፈ።

ዒሴ እህቱን ወደ ቤት መለሳት፤ ዳግም አላሰራትም፤ በሩን ግን ከቡድኑ ለአንዳቸውም አልከፈተም። የኔነሽ በየጊዜው እየሄደች ታንኳኳለች። ውስጥ የመሪያም ድምፅ ይሰማል፤ ብቻዋን ታወራለች፣ ሕመሟ ተመልሶባታል። ዒሴ ከውስጥ «ሂጂ» ይላታል፤ የኔነሽም በእሱ አትቀየምም። ደሟ የሚፈላው ጤና ጣቢያው ተመልሳ፣ ባልደረቦቿ ምንም እንዳልተፈጠረ ስለ ሚቀጥለው ወር ዕቅድ ሲነጋገሩ ስትሰማ ነው።