ቶፊ እና የውሾች ሜዳው በር

ግሌኒስ ፔንጊሊ በፖርት ማሎው አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፣ ከምግብ መሸጫው መስኮት ጀርባ ቆማ የልጆች ሳንድዊች ስትጠቀልል ሠላሳ አንድ ዓመት ኖረች። ከተማዋ ትንሽ ናት፤ ከፊቷ ባሕረ ሰላጤው፣ ከጎኗ የብረት ማቅለጫው፣ ከኋላዋ ቀይ አፈርና ቁጥቋጦ። ስለዚህ ዛሬ ጢም ያበቀለው ጎረምሳ ሁሉ በልጅነቱ ከግሌኒስ እጅ የበላ ነው። መንገድ ላይ ሲያገኟት እስከ ዛሬ "ሚሲስ ፒ" ነው የሚሏት።

ባሏ ሜርቭ በማቅለጫው አርባ ዓመት ሠርቶ ጡረታ በወጣ በሁለተኛው ዓመት ሳንባው ከዳው። ከመሞቱ ሰባት ወር በፊት፣ ማንንም ሳያማክር፣ አንዲት ቡችላ ጃኬቱ ውስጥ ሸጉጦ መጣ። አራት ኪሎ የማትሞላ፣ ፀጉሯ የተቃጠለ ስኳር የመሰለ፣ አንድ ጆሮዋ ቆሞ አንዱ የወደቀ ነገር።

"ምንድን ነው ደግሞ ይሄ?" አለችው ግሌኒስ።

"የምትነዘንዢው ሰው ስታጪ እሷን ትነዘንዣለሽ" አላት።

ስሟን ቶፊ አሏት። ሜርቭ ከተቀበረ በኋላ ልጃቸው ሊያን ሁለት ሳምንት ቆይታ ወደ ፐርዝ፣ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ግሌኒስ ከዚያ በኋላ ከውሻዋ በቀር ከማንም ጋር ቃል ሳትለዋወጥ የምትውልባቸው ቀናት በዙ። አንድ ቀን ሥጋ ቤት ገብታ ስታዝ ድምጿ ሻክሮ አልወጣላት አለ። በማግስቱ ቶፊን ይዛ ወደ ውሾች ሜዳው ሄደች።

ሜዳው ሰዎች ውሾቻቸውን ፈትተው የሚለቁበት የድሮ ክሪኬት መጫወቻ ነው። ዙሪያው ሽቦ፣ ውስጡ አንድ ቧንቧና ሦስት ባሕር ዛፍ፣ መግቢያው ደግሞ አንዱ ሳይዘጋ ሌላው እንዳይከፈት ተብሎ የተሠራ ድርብ በር። በመጀመሪያው ቀን አንድ ጥቁር ውሻ ቶፊን በደረቱ ገፍቶ አንከባለላት። ቶፊ ተነሥታ ተራገፈች፤ ግሌኒስ ወዲያው አሥራ ወደ ቤት ወሰደቻት።

ሌላ ሰው ቢሆን በዚያው ይቀር ነበር። ግሌኒስ ግን ቶፊን ቤት ትታ፣ ታጣፊ ወንበር ይዛ ሁለት ሳምንት ከሽቦው ውጭ ተቀምጣ ውሾቹን ስታጠና ከረመች። ከዚያ በኋላ የራሷ ሥርዓት ነበራት። ቅዳሜና እሑድ ጠዋት ሜዳው እንደ ገበያ ስለሚጨናነቅ አትሄድም። ከመግባቷ በፊት ውጭ ቆማ ውስጥ ማን እንዳለ ታያለች፤ ውሾቹን ብቻ ሳይሆን ባለቤቶቹንም። ስልኩ ላይ ያቀረቀረ ሰው ውሻ፣ ባለቤት እንደሌለው ውሻ ነው ትላለች። ማሰሪያውን የምትፈታው በሁለቱ በሮች መካከል ነው፤ ታስሮ የገባ ትንሽ ውሻ፣ የተፈቱት ሲከቡት መሸሻ ያጣል። ኳስም ብስኩትም ይዛ አትገባም። የሚጮኸውን ውሻ አትፈራም። የምትፈራው ድንገት ዝም ብሎ፣ አንገቱን ዝቅ አድርጎ ትክ ብሎ የሚያየውን ነው። ያኔ ቶፊን በለሰለሰ ድምፅ ጠርታ ቀስ ብላ ትወጣለች። አትሮጥም፣ አትጮኽም። ከሁሉም በላይ ደግሞ ውሻዋን ወደ ላይ አታነሣም። "ወደ ላይ የተነሣ ነገር፣ ለትልቅ ውሻ ዝለልልኝ ማለት ነው" ትላለች። "እናንተው መሐል ገብታችሁ በእግራችሁ ጋርዱ።"

የተማረችውን ለራሷ ብቻ አላስቀረችውም። አዲስ ሰው ትንሽ ውሻ ይዞ በመጣ ቁጥር በሩ ላይ ትቀበለዋለች። ቴሳ የምትባል የፀጉር ቤት ሠራተኛ፣ ከድመት የማይበልጥ ውሻዋን ሮዝ ካፖርት አልብሳ ስትመጣ እንዲህ አለቻት፦

"የኔ ልጅ፣ ያንን ካፖርት አውልቂለት። አንዱ በጥርሱ ቢይዝበት ይታነቃል።"

"ቆንጆ አይደለም እንዴ ሚሲስ ፒ?"

"ለፎቶ ቆንጆ ነው።"

በዚህ ሁሉ የሚስቀው ሆርስት ቬንት ነበር። ሰባ ስምንት ዓመቱ ነው፤ ከዘራ ይይዛል፤ ካይዘር የሚባል፣ እግረ አጭር፣ ወገበ ረጅም ውሻ አለው።

"ኧረ ተይ ግሌኒስ፣ ፓስፖርት ካላየሽ ልታስገቢን አይደለም!"

"የአንተን ካይዘር ግን ቪዛ ከልክየዋለሁ። ትናንት ጫማዬ ላይ ሸንቶብኛል።"

"ክብር እኮ ነው! ያገኘው ሰው ላይ ሁሉ አይሸናም።"

ሦስት ዓመት እንዲህ አለፈ። በነዚያ ሦስት ዓመታት ግሌኒስ ለትንንሽ ውሾች ብቻ የሚሆን ለብቻው የታጠረ ቦታ እንዲሠራ ማዘጋጃ ቤቱን ትወተውት ነበር። ፊርማ አሰባሰበች፤ ስብሰባ ላይ ተነሥታ ተናገረች። አንዱ የምክር ቤት አባል ሰዓቱን እያየ "ትንንሾቹ ሌላ ቦታ ቢሄዱስ?" አላት። ሰዉም ሳቀ።

በኅዳር የውስጠኛው በር መቀርቀሪያ ተሰበረ። ግሌኒስ ማዘጋጃ ቤት ደወለች። "ተመዝግቧል" አሏት። ደግማ ደወለች፤ ተመዝግቧል። በአራተኛው ጥሪም መልሱ ያው ሲሆን ሆርስት ከቤቱ ገመድ አምጥቶ በሩን ከምሰሶው ጋር የሚያያይዝ ቀለበት ሠራለት። ሰው በገባና በወጣ ቁጥር ቀለበቱን መልሶ ማጥለቅ ነበረበት። ግሌኒስ በካርቶን ላይ "እባካችሁ ገመዱን መልሱ" ብላ ጽፋ ሰቀለች። ካርቶኑን ነፋስ ወሰደው። ደግማ ጻፈች።

በጥር አምስት ቀን ሙሉ ከአርባ አራት ዲግሪ በላይ ሆነ። ሰዉም ውሻውም ቤቱን ዘግቶ ሰነበተ። በስድስተኛው ቀን፣ ረቡዕ ጠዋት፣ ከደቡብ ቀዝቃዛ ነፋስ ገባ። ግሌኒስ ከሽቦው ውጭ ቆማ ተመለከተች፦ ሆርስትና ካይዘር፣ እንዲሁም አንዲት ሴትዮ ከታወረ ሽማግሌ ውሻዋ ጋር። ከዚህ የተሻለ ቀን አይገኝም። ገባች፤ ቀለበቱን በምሰሶው ላይ አጠለቀች። ቶፊ አምስት ቀን የታመቀ ጉልበቷን ይዛ፣ ነፋስ የሚያንከባልለውን የባሕር ዛፍ ቅርፊት ታባርር ጀመር።

የታወረው ውሻ ባለቤት ወጣች። ያንን የካርቶን ጽሑፍ አላየችው ይሆናል፤ ቀለበቱን አልመለሰችም።

ኮዲ የሚባል ወጣት የማቅለጫ ሠራተኛ በዚያ ሰዓት መጣ። ሌላ ጊዜ የሚመጣው አመሻሽ ላይ ነው፤ በዚያ ሳምንት የማቅለጫው ፈረቃ ተቀይሮበት ነበር። የኮዲ ውሻ ዱክ ይባላል፤ ቁመቱ የሰው ዳሌ የሚደርስ፣ ቅልጥሙ ረጅም፣ ዘሩ ከጥንት ካንጋሮ ለማደን የተዳቀለ ግራጫ ውሻ። ክፉ ውሻ አልነበረም። ቤት ውስጥ ከኮዲ ሕፃን ልጅ ጎን ነበር የሚተኛው።

"ሚሲስ ፒ! ዛሬስ እግዜር አየልን!" አለ ኮዲ ከወዲያ ማዶ እየሳቀ። የውጭውን በር ከፈተ፤ ገባ፤ ከኋላው ዘጋ። ከዚያም ግሌኒስ ራሷ እንዳስተማረችው፣ በሁለቱ በሮች መካከል ሆኖ የዱክን ማሰሪያ ፈታ። ዱክ የውስጠኛውን በር በአፍንጫው ገፋው። በሩ ተከፈተ።

ዱክ ሁለት እርምጃ ገብቶ ቆመ። አንገቱን ዝቅ አደረገ። ግሌኒስ ይህን ዝምታ ታውቀዋለች። ምን ማድረግ እንዳለባትም ታውቃለች፤ ለመቶ ሰው ነግራለች። ግን የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባላል። ጮኸች። እየጮኸች ሮጠች። ቶፊ ጩኸቱን ስትሰማ ደንግጣ ወደ እመቤቷ መሮጥ ጀመረች፤ ያኔ በዱክ ዓይን ቶፊ ውሻ መሆኗ ቀረ፤ የምትሮጥ ትንሽ ነገር ሆነች። ግሌኒስ ጎንበስ ብላ አነሣቻት። በደረቷ ያዘቻት፤ ከዚያ ከራሷ በላይ ከፍ አደረገቻት።

ዱክ አንዴ ነው የዘለለው።

ግሌኒስ በግራ እጇ ላይ ወደቀች፤ አንጓዋ ሲሰበር ሰማችው። ሆርስት ዱክን በከዘራው ደበደበው። ኮዲ በደረቱ ተጥሎ የዱክን አንገት አቅፎ "ልቀቅ! ልቀቅ አልኩህ!" እያለ ያለቅስ ነበር። ዱክ ለቀቀ። ነገሩ ሁሉ እስከ ዐሥር ለመቁጠር የሚወስደውን ያህል እንኳ አልቆየም። ግሌኒስ በደረቷ እየተሳበች ሄዳ ቀኝ እጇን ስትዘረጋ፣ ቶፊ አውራ ጣቷ ሥር ያለውን ሥጋ ነክሳ ያዘች፤ ሆርስት መጥቶ እስኪያላቅቃት ድረስ አለቀቀችም።

የእንስሳት ሐኪሟ የቶፊን የኋላ ግራ እግር ቆረጠችው። "ዕድለኛ ናት" አለች። "ብዙዎቹ እዚህ አይደርሱም።"

በሳምንቱ ኮዲ መጣና በግሌኒስ በራፍ ደረጃ ላይ ተቀመጠ። ግባ ብትለው እምቢ አለ።

"ሐሙስ ሊወስዱት ነው፤ ዱክን" አለ። "የማዘጋጃ ቤቱ ሰዎች አደገኛ ነው ብለው ወሰኑ። ልጄ ሞግዚት ቤት ስትሆን ነው የሚመጡት፤ እንዳታይ።"

ግሌኒስ አጠገቡ ተቀመጠች። "አንተ ምንም አላጠፋህም" አለችው።

"እርስዎ እንዳሉኝ ነው እኮ ያደረግሁት ሚሲስ ፒ። በሮቹ መካከል ፍታው ብለውኝ..."

"አዎ። ብዬሃለሁ።"

 ሲሄድ አልተሰናበታትም።

በማግስቱ ማዘጋጃ ቤት ደወለች። "ውሻው የተፈጠረበትን ነው ያደረገው" አለች። "አትግደሉት። በሩን ለምን አትጠይቁም? አራት ጊዜ ነግሬያችኋለሁ።"

"ወይዘሮ ፔንጊሊ፣ በሩን የሚመለከተው ሌላ ክፍል ነው" አለች ስልኩን ያነሣችው ልጅ በትሕትና። ሐሙስ ዱክን ወሰዱት። ከዚያ ወዲህ ኮዲ ግሌኒስን ከሩቅ ካያት መንገድ ይሻገራል።

ቶፊ በሦስት እግሯ መሄድ ቻለች። መቆየት የፈለገችው ግን ወጥ ቤት ካለው የልብስ ማጠቢያ ማሽን ጀርባ ብቻ ነው። እዚያ ገብታ ቀረች። ግሌኒስ ወደ እሷ እጇን ስትዘረጋ ጥርሷን ታሳያለች፤ በተለይ ጠባሳ ያለበትን እጅ። ቀድሞ ሌሊት አልጋው ላይ፣ ከግሌኒስ ጉልበት ሥር የምትተኛ ውሻ ነበረች። አሁን ግሌኒስ ወጥ ቤት ካለች ምግብ እንኳ አትቀምስም።

ግሌኒስ ከየካቲት እስከ ሰኔ፣ በየቀኑ ከሰዓት በኋላ መሬት ላይ ተቀምጣ የተቀቀለ ዶሮ እየቆራረሰች፣ ስለ ጎረቤት፣ ስለ አየሩ፣ ስለ ምኑም እያወራች ጠበቀቻት። አንድ ጊዜ ቶፊ አንገቷን አወጣች። ውጭ የመኪና በር ተዘጋ፤ ተመልሳ ገባች። ከዚያ በኋላ አላወጣችም።

"እማዬ፣ ለሌላ ሰው ስጫት" አለቻት ሊያን በስልክ።

"ማን ይወስዳታል?"

"እንግዲያው አንቺ ወደዚህ ነይ።"

"ከእሷ ጋር?"

ሊያን የምትኖርበት ሕንፃ ውሻ አያስገባም። ስለ ሌላ ነገር ማውራት ጀመሩ።

በሐምሌ የሆርስት ዓይን ደከመና ልጁ ወደ አደላይድ ሊወስደው መጣ። ሆርስት ካይዘርን ይዞ ሊሰናበታት ደረጃውን ሲወጣ፣ የካይዘር አንገት ላይ ያለችው ቃጭል ተሰማች፤ ከማሽኑ ጀርባ የቶፊ ሽንት ወለሉ ላይ ፈሰሰ። ሆርስት አይቶ ውሻውን መኪና ውስጥ መልሶ አስገባው።

"ባልሄድ ነበር ደስ የሚለኝ" አላት።

"ሂድ፤ እዚህ ምን ቀረ ብለህ?"

ሆርስት ትከሻዋን መታ መታ አድርጎ ወረደ።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ በነሐሴ የትንንሽ ውሾች አጥር ተሠራ። ማዘጋጃ ቤቱ ለግሌኒስ የምስጋና ደብዳቤ ጻፈላት፤ በምረቃው ላይ ሪባን እንድትቆርጥ ጠየቃት። አልሄደችም። በሚቀጥለው ማክሰኞ ግን፣ ረፋድ ላይ፣ ፎጣ በልብስ ቅርጫት አንጥፋ፣ በዶሮ አባብላ ሳይሆን ወፍራም ጓንት አጥልቃ በግድ ቶፊን አስገባቻት። ሌላ መንገድ ጠፍቷት ነው። ተሸክማት ወደ ሜዳው ሄደች።

በአዲሱ አጥር ውስጥ አምስት ስድስት ትንንሽ ውሾች ይራወጣሉ። ቴሳ አየቻትና እየሮጠች መጣች፤ ውሻዋ ካፖርት አልለበሰም።

"ሚሲስ ፒ! ይሄ ሁሉ እኮ በእርስዎ ነው! ይግቡ! መቀርቀሪያውን ይዩት፤ አንዴ ጠቅ ካለ ዝሆንም አይከፍተው።"

"ጥሩ ነው" አለች ግሌኒስ። "በጣም ጥሩ ነው።"

ቅርጫቱን በሁለቱ በሮች መካከል አስቀመጠች። ጎንበስ ብላ ጠበቀች። ቶፊ ፎጣው ላይ ተለጥፋ፣ ዓይኗን ጨፍና ትንቀጠቀጣለች፤ ቅርጫቱም አብሯት ይንቀጠቀጣል። አንድ ነጭ ቡችላ መጥቶ በሽቦው በኩል አሸተተ። ቶፊ ድምፅ አወጣች፤ ጩኸትም ማጉረምረምም ያልሆነ፣ ግሌኒስ ሰምታው የማታውቀው ድምፅ። ቴሳ ቡችላውን ይዛ ራቀች። ከሩብ ሰዓት በኋላ ከውጭ አንድ ሰው ውሻውን ይዞ መጥቶ በሩ እስኪለቀቅለት ቆሞ ጠበቀ።

"ልቀቅልዎት" አለችው ግሌኒስ፤ ቅርጫቱን አንሥታ ወጣች።

"ነገ ደግሞ ይሞክሩ!" አለች ቴሳ ከኋላዋ። ግሌኒስ እጇን ከፍ አድርጋ አውለበለበች፤ ዞራ ግን አላየችም።

ቤት ደርሳ ቅርጫቱን ወጥ ቤት ወለል ላይ ስታዘነብለው ቶፊ እየተንሸራተተች ከማሽኑ ጀርባ ገባች። ግሌኒስ የረጠበውን ፎጣ አጥባ ገመድ ላይ አሰጣች። ታጣፊ ወንበሯን ከመኪናው ኋላ አውጥታ ለቆሻሻ ሰብሳቢዎች መንገድ ዳር አቆመችው። ከዚያ ተመልሳ ምግቡን በሳሕን አድርጋ መሬት አስቀመጠች፤ ወጥታም በሩን ከኋላዋ ዘጋችና ኮሪደሩ ላይ ቆመች። እሷ ካልወጣች ቶፊ አትበላም።