መንካት አይበቃም፣ መያዝ ነው!

ዛሬ ጠዋት እዚሁ ሆሳዕና የልጅ ልጄን አንደኛ ክፍል ላስመዘግብ ሄጄ "ቦታ ሞልቷል" ሲሉኝ፣ ሳላስበው እጄ በአናቴ ላይ ዞሮ ጆሮዬን ያዘ።

መዝጋቢዋ ደንግጣ "አባቴ፣ አሞዎት ነው?" አለችኝ።

አላመመኝም። የደርግ ጊዜ ትዝ ብሎኝ ነው።

ያኔ የልደት ወረቀት የሚባል ነገር አናውቅም። እጁን በአናቱ አዙሮ ማዶ ያለውን ጆሮውን የነካ ልጅ ለትምህርት ደርሷል ይባላል። እኔም ነካሁ! ችግሩ፣ የሰፈሩ ልጅ ሁሉ አብሮኝ ነካና ክፍል ጠበበ።

ወላጆች ክፍል እንዲሠራ ባሕር ዛፍ ቆርጠው፣ ተሸክመው አመጡ። ቀበሌው ስብሰባ ጠራ። ሊቀመንበሩ ተነስተው "ችግሩ በውሳኔ ተፈቷል" አሉ። "ከእንግዲህ ጆሮ መንካት አይበቃም። ጨምድዶ መያዝ ነው!"

ተጨበጨበ። በዚያ ዘመን የማይጨበጨብለት ነገር ነበር እንዴ?

እናቴ ብቻ እጇን አወጣች። "ጓድ ሊቀመንበር፣ ልጆቹን ቤት እንድናለማምዳቸው እስቲ እርስዎ ያሳዩን።"

ሞከሩ። ካኪያቸው ብብታቸው ላይ ወጥሮ ያዛቸውና ጣታቸው የጆሯቸው ጫፍ ላይ ቀረ። የሳቀ የለም። ማን ደፍሮ!

እሳቸው ተመልሰው ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ። ዓመቱን ሙሉ ቤት የተቀመጥኩት እኔ ነኝ። ባሕር ዛፉም የቀበሌው አጥር ሆነ።

ዛሬም "ኮሚቴው እየተወያየበት ነው" ተባልኩ። ዞር ስል የልጅ ልጄ እኔን አይታ ጆሮዋን ጨምድዳ ይዛለች።

ደርሳለች እኮ! ያልደረሰው ክፍሉ ነው። እናንተንስ ምን ብለው መለሷችሁ?