ያልተከፈተው ካርቶን

የበደለኝ ሰው ስሙ ታምራት ነው። የበደለኝም በሚሌኒየሙ ዓመት፣ ክረምቱ ውስጥ፣ በሰው ፊት ነው።

ይህን እንድጽፍ ያነሳሳኝ ባለፈው ሳምንት ታክሲ ውስጥ የሰማሁት ሬዲዮ ነው። አንድ እንግዳ ስለ ድሮው የኮምፒውተር ሙያ ሲያወራ ድምፁን ወዲያው አወቅሁት፤ ታምራት ነው። ጋዜጠኛዋ ያኔ ማን አስተማራችሁ ስትለው ሳቀና፣ «ማንም። የውስጡ ማሽን እንዲይዘው የውጪው መልቀቅ አለበት፤ ይቺን ለማወቅ ሦስት ወር ፈጅቶብኛል» አላት። ሦስት ወሩም ዓረፍተ ነገሩም የእኔ ናቸው። በሰማያዊ እስክሪብቶ ደብተሬ ላይ የጻፍኩት ነው፤ ገጹ ላይ የሳምቡሳ ዘይት ነበረበት።

ያኔ ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር። የምሠራው መርካቶ፣ ከሶማሌ ተራ ብዙም በማይርቅ ፎቅ ላይ፣ ጋሼ ሸምሱ የሚባሉ ነጋዴ በከፈቱት የኮምፒውተር መሸጫና መጠገኛ ነው። ጋሼ ሸምሱ በጨርቅ ንግድ ያደጉ ሰው ናቸው። ስለ ኮምፒውተር የሚያውቁት ሰው እንደሚፈልገው ብቻ ነበር፤ ይህንንም ሲናገሩ አያፍሩም። ታምራት ዋናው ቴክኒሺያን ነው፤ እኔ ከእሱ ሥር። ደንበኛ ሲመጣ እሱ ይናገራል፣ እኔ እሠራለሁ።

ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ማሠልጠኛ የሚከፍቱ ወይዘሮ ገነት የሚባሉ ሴት ሃያ ኮምፒውተር አዘዙን። ሠልጣኞቻቸው ሊኑክስ በሚባለው የኮምፒውተር ሥርዓት ላይ የገመድ አልባ ኔትወርክ እንዲለማመዱ፣ ነገር ግን ኮምፒውተሮቹን እንዳያበላሹ ይፈልጋሉ። መፍትሔው ቨርቹዋል ማሽን ነበር። ኮምፒውተሩ ውስጥ በሶፍትዌር የሚሠራ ሌላ ኮምፒውተር ማለት ነው፤ ሠልጣኙ ቢያበላሸው ተሰርዞ እንደ አዲስ ይነሳል። ችግሩ ይህ የውስጥ ማሽን የኮምፒውተሩን ገመድ አልባ ካርድ አያየውም። ስለዚህ ለእያንዳንዱ በዩኤስቢ የሚሰካ፣ አውራ ጣት የምታክል አዳፕተር ያስፈልጋል። እሷም ስትሰካ የውጪው ማሽን፣ ማለትም ዋናው ኮምፒውተር፣ ድራይቨሯን፣ የሚያንቀሳቅሳትን ሶፍትዌር፣ ቀድሞ ይጭንና ይይዛታል፤ ለውስጡ አይለቅም።

ጋሼ ሸምሱ፣ «ይህን የሠራ ሰው ማሠልጠኛው ውስጥ አስተማሪ ሆኖ ይገባል። ከሴትዮዋ ጋር ተነጋግሬያለሁ» አሉ። ማስተማር እፈልግ ነበር። ምን ያህል እንደምፈልግ ለማንም አልተናገርኩም።

ከሚያዝያ እስከ ሐምሌ በአንዲት ናሙና አዳፕተር ላይ ሠራሁ። መብራት በፈረቃ ነበር። ድራይቨሩን ኢንተርኔት ቤት ሄጄ በፍላሽ አወርዳለሁ፤ ጭቃውን፣ ተሸካሚውን፣ «ዞር በሉ» የሚለውን ጩኸት አልፌ ስመለስ መብራቱ ሄዷል። ደረጃው ሥር የምስር ሳምቡሳ የምትሸጥ ሴት ነበረች፤ ምሳዬ እሱ ነው፤ እየበላሁ እጽፋለሁ። የውጪው ማሽን ያንን ድራይቨር እንዳይጭን ከልኬ፣ አዳፕተሯን የቺፗን ዓይነት በሚናገረው መለያ ቁጥሯ ለውስጡ ማሽን ሰጥቼ፣ ድራይቨሩን እዚያው ውስጥ አዘጋጅቼ የጫንኩ ዕለት የውስጡ ማሽን ኔትወርኩን አየ። ብቻዬን ነበርኩ። ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ ስለነበር ብጮህም የሚሰማኝ አልነበረም። አልጮህኩም።

ቀጥሎ አዳፕተሮቹ በሁለት ካርቶን መጡ። በመርካቶ አሠራር ናሙና ታይቶ ካርቶን ይገዛል። ካርቶኑ እንደታሸገ ከሆነ አስመጪው መልሶ ይቀበላል፤ ፕላስተሩ ከተቀደደ ግን የገዢው ነው።

«አንዱን ከፍተን እንየው» አልኩት ታምራትን።

«አንቺ ደግሞ። የተከፈተ ካርቶን ማን ይመልስልኛል?»

«ማሸጊያው አንድ ሆኖ ውስጡ ያለው ቺፕ ቢለያይስ?»

«ፀዱ፣ ሐኪም ነሽ እንዴ ሆዱን ቀደሽ የምታይው? ናሙናው ሠርቷል፤ አበቃ።»

በርክክቡ ቀን ዕቃው አዲስ መሆኑ እንዲታይ ብሎ ሁለቱንም ካርቶን በወይዘሮ ገነትና በጋሼ ሸምሱ ፊት በቢላ ቀደደ። የመጀመሪያዋን ሰካ። የአዳፕተሯ መብራት በራ፤ የውስጡ ማሽን ግን ምንም አላየም። ሁለተኛዋን ሰካ፤ ሦስተኛዋን። እኔ ከጎኑ ያለው ኮምፒውተር ላይ አንዷን ሰክቼ መለያ ቁጥሯን ጠየቅሁ። የናሙናዋ አልነበረም። ሌላ ቺፕ ነው፣ ሌላ ድራይቨር ይፈልጋል። የግማሽ ቀን ሥራ ነበር። ልናገር አፌን ስከፍት ታምራት ቀደመኝ።

«የፈተሸችው ፀዳለ ናት» አለ። «ናሙናውን አይቻለሁ፣ ሁሉም አንድ ነው ስትለኝ አምኛት ነው።»

«ካርቶኑ ይከፈት ብዬህ ነበር» አልኩት።

«መቼ? ማን ሰማሽ?»

ጋሼ ሸምሱ እሱንም እኔንም አዩን። ከእሱ ጋር ስምንት ዓመት ሠርተዋል፤ ከእኔ ጋር ሁለት። ወይዘሮ ገነት ቦርሳቸውን አንስተው ቆመዋል።

«ልጄ፣ ለጊዜው ቤት ቆዪ» አሉኝ ጋሼ ሸምሱ። «እናስጠራሻለን።»

የኮምፒውተሩን ስክሪን አጠፋሁና ዣንጥላዬን አነሳሁ። ስለ ቁጥሩ አንድ ቃል አልተነፈስኩም። ደብተሬ ሱቁ ውስጥ፣ መሳቢያዬ ውስጥ ቀረ።

በሦስተኛው ቀን ታምራት ቤቴ ድረስ መጣ። በር ላይ አቆምኩት፤ ዝናብ ያካፋ ነበር።

«ደብተርሽ ላይ ያለውን አንድ በአንድ አደረግሁት፤ እምቢ አለኝ» አለ። «ጋሼ ሸምሱ ምግብ አልበላ ብለዋል። ምን ይመስልሻል?»

«አላውቅም።»

«ፀዱ፣ በማርያም።»

«ደብተሩ አንተ ጋ አይደል? አላውቅም።»

አውቅ ነበር።

ወይዘሮ ገነት ትእዛዛቸውን ይዘው ወደ ሌላ ሱቅ ሄዱ። ጋሼ ሸምሱ ዓመት ሳይሞላ ሱቁን ዘግተው ወደ ጨርቃቸው ተመለሱ፤ ሁለቱ ካርቶኖች መደርደሪያው ላይ ቀርተው እንደነበር ከሰው ሰማሁ። ታምራት ደብተሬን ይዞ ጥሩ መሥሪያ ቤት ገባ። እኔ ማስተማር የጀመርኩት ከአራት ዓመት በኋላ፣ ሌላ ሰፈር ነው። ብዙ ዘመን የተበደልኩትን ብቻ አስቤ ኖርኩ። በሩን የዘጋሁት ታምራት ላይ ብቻ መስሎኝ፣ ከእሱ ኋላ ጋሼ ሸምሱ መቆማቸውን ለማሰብ አልፈቀድኩም። በሰው ፊት ልጄ ብለው ነበር ያሰናበቱኝ። ይህም ያናድደኝ ነበር፤ አሁንም ያናድደኛል።

ሬዲዮው ላይ ለአድማጮች ስልክ ቁጥር ተነገረ። ያዝኩት። ዓረፍተ ነገሩ የእኔ ነው ለማለት ጣቴ ቁጥሩ ላይ ነበር። ከዚያ ጋዜጠኛዋ፣ ታዲያ የዚያን ቀን ለምን ዝም አልሽ ብትለኝ የምመልሰው አጣሁ። አልደወልኩም።

በማግስቱ ጋሼ ሸምሱ ቤት ሄድኩ። አርጅተዋል፤ ግን አወቁኝ። የአዳፕተሩን ቁጥር ያን ዕለት አይቼው እንደነበር፣ ግማሽ ቀን ቢሰጠኝ ይሠራ እንደነበር ነገርኳቸው። መቁጠሪያቸውን ይዘው እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። ይቅርታም አልጠየቅሁም፤ እሳቸውም አልጠየቁኝም። ጫማዬን አድርጌ ወጣሁ።